የማኅበረሰብ ሚና በኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል (ኢትዮጵያ)

የማኅበረሰብ ሚና በኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል ሲባል የቫይረሱን ሥርጭት ለመግታት፣ የታመሙትን ለመንከባከብ እንዲሁም አድልዎና መገለልን ለመቀነስ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያከናውነውን ሥራ ያመለክታል። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ በዋናነት የሠሩት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ የወጣቶች ፀረ ኤድስ ክበባትና በየመንደሩ የተካሄዱ የማኅበረሰብ ውይይቶች ናቸው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ለአብዛኛው ሕመምተኛ የነበረው ድጋፍ ይኸው ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም ሰዎች እንዲመረመሩና ሕክምናውን ሳያቋርጡ እንዲቀጥሉ በማድረግ ረገድ የማኅበረሰቡ ድርሻ አልቀረም።

መነሻ

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በአዲስ አበባ ተመዘገቡ። በቀጣዩ ዓመት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የቁጥጥር ክፍል ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዘመን ትምህርት በአብዛኛው በማስፈራራት ላይ የተመሠረተ ነበር። በፖስተሮች ላይ አጥንታቸው የወጣ ሰዎችና የራስ ቅሎች ይሣሉ ነበር። ይህ በሽታው ገዳይ መሆኑን ቢያስተምርም፣ የታመመው ሰው ራሱ የሚፈራና የሚሸሽ እንዲሆን አድርጓል። የቤት ኪራይ የተከለከሉ፣ ከሥራ የተባረሩ፣ በቤተሰባቸው ውስጥ እንኳ የምግብ ዕቃቸው የተለየባቸው ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ሰው ከመመርመር ይልቅ አለማወቅን ይመርጥ ነበር። በለቅሶ ቤትም የሟቹ በሽታ በስሙ አይጠራም፤ ብዙ ጊዜ «የሳንባ በሽታ ነው» ይባል ነበር።

ብሔራዊ የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የፌዴራል የኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዋጅ ተቋቋመ።

ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ማኅበራት

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ መቅድም ኢትዮጵያ እና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተባሉ ማኅበራት ተመሠረቱ። አባላቱ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በአደባባይ መናገር ጀመሩ። በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በቀበሌ ስብሰባ እየቆሙ «እኔ አለብኝ» ማለታቸው በጊዜው ከባድ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ይሁን እንጂ አድማጩ ከፖስተር ያላገኘውን ነገር ከእነርሱ አገኘ፤ ይኸውም ቫይረሱ ያለበት ሰው ጤነኛ መስሎ ሊኖር፣ ሊሠራና ልጆች ሊያሳድግ እንደሚችል ነው።

ማኅበራቱ ከማስተማር አልፈው ለአባሎቻቸው የምክር አገልግሎት፣ የምግብ ድጋፍና የቤት ለቤት እንክብካቤ ሰጥተዋል። መድኃኒቱ ለድሃው እንዲደርስም ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መድኃኒቱ በክፍያ ይገኝ ስለነበር የመግዛት አቅም ያለው ብቻ ይጠቀምበት ነበር። በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነው። በኋላ በየክልሉ የተቋቋሙት ማኅበራት ኔፕ ፕላስ በሚል ምሕጻረ ቃል በሚታወቀው አገር አቀፍ ጥምረት ሥር ተሰባስበዋል።

ዕድሮች

ዕድር አባላቱ በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ በሞት ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ዕቃ ያቀርባል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፣ አባላቱም ቀብር ይወጣሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። ሥርዓቱ የተመሠረተው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞተው አባል ጥቂት ይሆናል በሚል ግምት ነው። የኤድስ ወረርሽኝ ይህን ግምት አፈረሰው። በአምራች ዕድሜ ላይ ያሉ አባላት በተከታታይ ሲሞቱ ወጪው ጨመረ፣ መዋጮ የሚከፍለው ሰው ግን ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ በየመካነ መቃብሩ የሚፈጸመውን ቀብር መመዝገብ ተጀመረ። በከተማዋ የተሟላ የሞት ምዝገባ ስላልነበረ ተመራማሪዎች ስለ ወረርሽኙ መረጃ ያገኙት ከዚህ መዝገብ ነው። መዝገቡም በዚያን ጊዜ ከሚሞቱት ጎልማሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኤድስ ምክንያት እንደሚሞቱ አመለከተ።

በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን መለወጥ ጀመሩ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ሰው ሲሞት የሚከፈለው ገንዘብ በሕይወት እያለ ቢረዳው አይሻልም ወይ? በሌላ በኩል ገንዘቡ ለቀብር የተዋጣ በመሆኑ፣ ለሕመምተኛ ቢወጣ ነገ ለሚሞተው ምን ይቀራል የሚል ተቃውሞ ነበር። ከሥራው ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ከአባላት መካከል የተመረጡ ፈቃደኞች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ሠልጥነው አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማንን ማጠብ፣ መመገብና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፤
• ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የትምህርት ቤት ወጪና የምግብ ድጋፍ ማድረግ፤
• በወርኃዊ ስብሰባ ላይ ስለ ምርመራና ስለ መከላከያ ማስተማር፤
• መዋጮ መክፈል ያቃተው ሕመምተኛ ከአባልነት እንዳይሰረዝ ማድረግ።

ዕድር ለዚህ ሥራ የተመቸው ሰፈርተኛው ሁሉ የሚታወቅበት፣ ሀብታምና ድሃ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሊገናኝበት የሚችል ተቋም በመሆኑ ነው። ያው ባሕርይው ግን ድካምም አለው። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ ምስጢር መጠበቅ አስቸጋሪ ነው፤ የዕድሩ ፈቃደኞች ወደ አንድ ቤት መመላለሳቸው ብቻ ለጎረቤት በቂ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የማኅበረሰብ ውይይት

የማኅበረሰብ ውይይት እ.ኤ.አ. በ2002 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በአላባና በያቤሎ ተሞከረ። በአላባ ሥራውን ያከናወነው ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ የተባለው ድርጅት ነው። በዚህ ዘዴ ባለሙያ መጥቶ አያስተምርም። በአካባቢው የሠለጠነ አወያይ ወንዶችን፣ ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ወጣቶችን በየጊዜው እየሰበሰበ ጥያቄ ያቀርባል፣ ነዋሪዎቹም ችግሩን ራሳቸው ይለያሉ። ለቫይረሱ መተላለፍ ምክንያት የሚሆኑ ልማዶች፣ ለምሳሌ ሟች ወንድም ያገባትን ሴት መውረስ፣ የሴት ልጅ ግርዛትና ጠለፋ በዚህ መድረክ ተነሥተዋል። ውሳኔው የተላለፈው በነዋሪዎቹ በመሆኑ አፈጻጸሙን የሚከታተሉትም እነርሱ ነበሩ። ዘዴው በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። በከተሞች ተመሳሳይ ውይይት ቡና ተፈልቶ በጎረቤታሞች መካከል ይካሄድ ነበር።

የሃይማኖት ተቋማትና የፀበል ጉዳይ

ብዙ ሕሙማን ፈውስ የሚፈልጉት በፀበል ነው። በአዲስ አበባ የእንጦጦ ማርያም ፀበል በዚህ ይታወቃል። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር አንዳንዶች መድኃኒት መውሰድን እንደ እምነት ማጣት በመቁጠር ያቋርጡት ጀመር። ይህ ለሕይወት አስጊ ነበር፤ ሕክምናው ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ ገለጹ። ሐኪም ቢናገረው ላይሰማ የሚችል ምክር ከአባቶች አንደበት ሲወጣ ክብደት ነበረው። ከዚህ ሌላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት እንዲመረመሩ ሲያበረታቱ ቆይተዋል።

ከሕክምና ጋር ያለው ግንኙነት

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት አያጠፋም፤ መራባቱን ግን ይገታል። በትክክል የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ለዚህ ግን መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ በየቀኑ መውሰድ ያስፈልጋል። ከቤተሰቡ ተደብቆ የሚውጥ ሰው ደግሞ በቀላሉ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ በጤና ተቋማት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አማካሪዎች ተመድበው አዳዲስ ታካሚዎችን ያበረታታሉ፣ የቀሩትንም ቤታቸው ድረስ ሄደው ይፈልጋሉ። በእናቶች የድጋፍ ቡድን ደግሞ ቫይረሱ ኖሮባቸው ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ የወለዱ እናቶች ነፍሰ ጡሮችን ይመክራሉ።

ውጤትና ያልተፈቱ ችግሮች

በአዲስ አበባ የቀብር መዝገብ መሠረት ነጻው ሕክምና በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኤድስ ምክንያት የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች 0.9 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር።

ውጤቱ የራሱን ችግር አስከትሏል። የሚሞት ሰው ሲቀንስ ስለ በሽታው የሚደረገው ውይይትም ቀንሷል፤ ብዙ ፀረ ኤድስ ክበባት ተዳክመዋል፣ የመሞት ዘመኑን ያላየ ወጣት ትውልድም አድጓል። የእንክብካቤው ሥራ በአብዛኛው ያለ ክፍያ በሴቶች ትከሻ ላይ ወድቆ ቆይቷል። ገንዘቡ ደግሞ በብዛት የመጣው ከውጭ ለጋሾች ነው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ሲታገድ በዚህ ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ ሥራዎች ተጎድተዋል። በአባላት መዋጮ የሚተዳደረው ዕድር ግን ከውጭ እርዳታ በፊትም የነበረ፣ ዛሬም በየሰፈሩ ያለ ተቋም ነው።