ኦቫሪ ከወጣ በኋላም የሆርሞን ክኒን ለምን?



"ዶክተር፣ ኦቫሪዬ ወጥቶልኛል። ታዲያ ይሄን ክኒን አምስት ዓመት ሙሉ ለምን እውጣለሁ?"

ለጡት ካንሰር አዲስ አበባ ታክመው ሞላሌ ከተመለሱ እናቶች የምሰማው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱን ሳያገኙ ክኒኑን ማቆም ግን አደጋ አለው።

ብዙ የጡት ካንሰሮች በኤስትሮጅን ሆርሞን ያድጋሉ። ይህ የሚታወቀው ከዕጢው ናሙና በሚሠራ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ነው። ውጤቱ "ፖዘቲቭ" ከሆነ የሆርሞን ሕክምና ይጠቅማል፤ "ኔጋቲቭ" ከሆነ አይጠቅምም። ወረቀቱን አትጣሉት!

የወር አበባ ለምታይ ሴት ዋናው የኤስትሮጅን ምንጭ ኦቫሪ ነው። ሲወጣ ግን ሆርሞኑ ጨርሶ አይጠፋም። በሰውነት ስብ ውስጥ ያለ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ከሌላ ሆርሞን ጥቂት ኤስትሮጅን መሥራቱን ይቀጥላል። ክኒኑ የተረፈውን ለመቆጣጠር ነው።

ዋናዎቹ ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦

1. ታሞክሲፌን፦ ኤስትሮጅን ካንሰሩ ላይ እንዳይሠራ በሩን ይዘጋል። ኦቫሪ ኖረም አልኖረም ይሠራል። እግር በአንድ ወገን ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ (የደም መርጋት ሊሆን ይችላል) ወይም ከማህፀን ደም ከፈሰሰ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

2. አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል፦ አሮማቴዝን ያግዳሉ። ብቻቸውን የሚሠሩት ኦቫሪ ሥራ ካቆመ ወይም ከወጣ በኋላ ነው። መገጣጠሚያ ያሳምማሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። ስለዚህ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና የእግር ጉዞ ያስፈልጋሉ።

የትኛው ይሻላል? አጥንትሽ፣ የደም መርጋት ታሪክሽ፣ ማህፀንሽ መኖሩና የካንሰሩ ደረጃ ይወስኑታል። ፋርማሲ "ያኛው የለም፣ ይሄ ያው ነው" ካለሽ ካንሰር ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትቀይሪ።

በሞላሌ ብርድ ሌሊት ጋቢ የሚያስጥል ድንገተኛ ሙቀት ቢመጣ አትደንግጪ፤ ከኤስትሮጅን ማነስ ነው። ለሱ ብለሽ ግን ኤስትሮጅን ያለበት መድኃኒት እንዳትወስጂ! በስዊድን የተጀመረው ሀቢትስ ጥናት ካንሰሩ የተመለሰባቸው ሴቶች ስለበዙ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደርጓል። ሙቀቱን የሚያስታግሱ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ግን ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ሲታዘዝላት ትናገር፤ የታሞክሲፌንን ኃይል ይቀንሳሉ።

ጾምስ? ክኒኑ በቀን አንዴ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይወሰዳል። ማታ ማታ አድርጊው። ጸበል የምትጠመቂም ክኒንሽን ሳታቋርጪ ተጠመቂ።

መንገዱ ሩቅ ነውና መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሪ። ልጆችም የእናታችሁን የክኒን ስምና የምርመራ ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

ለሚመለከታት እናት ወይም እህት ሼር አድርጉላት። ጤና ይብዛላችሁ!