በቡና ወራት የሚጠቁረው ወንዝ

ውኃ ለሰው ልጅ ከምግብ የሚቀድም ነገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ሰው ሳይበላ ብዙ ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ሳይጠጣ ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን የምትወልደው በውኃ ነው፤ ሕመምተኛው የሚጠመቀው ጠበልም ውኃ ነው፤ በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩት ከውኃ ዳር ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ከደጃችን የሚፈሰውን ወንዝ እንደ ጥራጊ መጣያ የምንቆጥረው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እንዲሁ በጠቅላላው ከማንሣት ይልቅ በአንድ አገር ላይ አድርገን ብንመለከተው ይሻላልና፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ ማለት በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በማናና በጌራ በኩል በየዓመቱ የሚሆነውን ለአንባቢዎቻችን እንገልጣለን።

የጅማ አገር በውኃ የታደለ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ዝናብ እምብዛም አይለየውም፤ ከየኮረብታው ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ከየሸለቆው ጅረት ይወርዳል። ቡናውም በዚሁ በረከት ከጥላ ዛፍ ሥር ሆኖ ያድጋል። ነገር ግን ቡና ቀልቶ የሚለቀመው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥና እስከ ጥር ድረስ ለቀማው ሲበረታ፣ ወንዙ ደግሞ በዚያው ልክ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ይሄዳል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ብዙ ፍሳሽ የሚወርደው ወንዙ ሊሸከመው በማይችልበት ወራት ነውና።

ቡና ለገበያ የሚሰናዳበት መንገድ ሁለት መሆኑን የአገሩ ሰው ያውቃል። አንደኛው የአባቶቻችን መንገድ ነው፤ እሸቱ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆንና ይፈለፈላል። ይህ ከፀሐይና ከትዕግሥት በቀር ሌላ አይጠይቅም፤ ወንዝንም አይነካም። ሁለተኛው የታጠበ ቡና የሚባለው ነው። ይህ አሠራር በአገራችን የተጀመረው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የታጠበ ቡና በውጭ አገር ገበያ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ የማጠቢያ ጣቢያዎች በየወንዙ ዳር ተተከሉ። የሊሙ የታጠበ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ ተለይቶ የሚታወቅ ነው። እኛም ይህን ሥራ አንነቅፍም፤ ለብዙ ቤተሰብ የልጆች ልብስና ደብተር የሚገዛው በዚህ ገንዘብ ነው።

አሠራሩ እንደዚህ ነው። ቀዩ እሸት ወደ መፈልፈያው መኪና ገብቶ ልጣጩ ይገፈፋል። ፍሬውን የሸፈነው የሚያዳልጥ ጣፋጭ ነገር ግን በዚህ አይለቅም፤ ስለዚህ በገንዳ ውስጥ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲብላላ ይተውና በብዙ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ፍሬው በአልጋ ላይ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ከእሸቱም ክብደት 40 ከመቶ ያህሉ ልጣጭ ነው። እንግዲህ ቡናው በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ልጣጩና የታጠበበት ውኃ በስፍራው ይቀራሉ። ጉድጓድ ያላሰናዳ ጣቢያ ይህን ሁሉ ወዴት እንደሚሰድደው አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ቡና መርዝ አይደለም፤ እሸቱንም ልጆች ይመጡታል፤ ታዲያ ልጣጩ ወንዝን እንዴት ይጐዳል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ጉዳቱም የመጣው ልጣጩ መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ስኳር ስለ ሆነ ነው። በውኃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ስኳር ሲያገኙ ይበዛሉ፤ ሲበዙም በውኃው ውስጥ የተሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና ሌላው የውኃ ፍጥረት የሚተነፍሰው ይህንኑ ኦክሲጅን ስለሆነ ታፍኖ ይሞታል። ኦክሲጅኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያለ አየር የሚኖሩት ተሕዋስያን ይነሣሉ፤ ውኃውን የሚያጠቁሩትና እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚያሸቱት እነርሱ ናቸው። ስኳሩም ሲኮመጥጥ ውኃውን አሲድ ያደርገዋል።

ይህን በትምህርት ቤት ለልጆች በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። ሁለት ጠርሙስ ከአንድ ምንጭ በተቀዳ ውኃ ይሞላል፤ በአንደኛው አንድ እፍኝ የእሸት ልጣጭ ይጨመርበታል፤ ሁለቱም ተከድነው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቀመጣሉ። ሲከፈቱ ልዩነቱን አፍንጫ ይናገራል። እኛ ይህን በክፍል ውስጥ ባደረግን ጊዜ ተማሪዎቹ መስኮት ለመክፈት ተሽቀዳደሙ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ኦክሲጅን ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገንም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 ዓ.ም. ገደማ ባሳተሙት ጥናት፣ ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ፍሳሽ አንዱ ሊትር እስኪብላላ ድረስ እስከ 10,800 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን እንደሚፈልግ ለክተዋል። ንጹሕ የወንዝ ውኃ በጅማ ከፍታ በአንድ ሊትር ሊይዝ የሚችለው ግን ከ7 እስከ 8 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሒሳቡን ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ አንድ ሊትር ፍሳሽ ከአንድ ሺህ ሊትር የሚበልጥ የጠራ ውኃ እስትንፋስ ይጨርሳል ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የወጣ ሌላ ጥናትም ከማጠቢያ ጣቢያ በታች በተቀዳ የወንዝ ውኃ ውስጥ የተገኘው ኦክሲጅን በሊትር ከ0.01 ሚሊ ግራም በታች መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ወንዝ ይፈስሳል እንጂ ሕያው አይባልም።

ስለ ሰዎቹስ? የመጀመሪያው ጥናት ከጣቢያው አጠገብ የሚኖሩትንም ጠይቋል። የተናገሩት ሕመም ይህ ነበር፤ እንደ ሰከረ ሰው ራስን ማዞር፣ የዓይንና የቆዳ መቆጥቆጥ፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር። ሳይጠጡ የሚያሰክር ወንዝ መሆኑ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከአንድ የማጠቢያ ጣቢያ በታች ባለ ጅረት ዳር በእግር ወርደን ነበር። ከጣቢያው በላይ ውኃው ጠጠሩን እያሳየ ይወርዳል። ከጣቢያው በታች ቡናማ አረፋ ተሸክሞ፣ በየድንጋዩ ላይ እንደ ግራጫ ጥጥ ያለ ነገር ለብሶ ይታያል። ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን ይዘው በአጠገባችን ወደ ላይ አለፉ፤ ከጣቢያው በላይ ያለውን ውኃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። በክረምት የሚቀዱት ግን ከቤታቸው በታች ነው። ከእነዚህም ሴቶች የአንዳንዶቹ ባሎች እሸታቸውን የሸጡት ለዚያው ጣቢያ ነበር። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ባል የቡናውን ዋጋ ይቈጥራል፤ ሚስት የውኃውን ዋጋ በትከሻዋ ትከፍላለች። የታጠበ ቡና ከጀንፈል ይልቅ ያተርፋል ሲባል ይህ የሴቲቱ አንድ ሰዓት በሒሳቡ ገብቶ አያውቅም። በዚያው ጅረት ላይ የታችኛው መንደር ክርስቲያኖች ለጥምቀት ይወርዳሉ፤ ሙስሊም ጐረቤቶቻቸውም በቀን አምስት ጊዜ ለስግደት ይታጠቡበታል።

የከተማው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የጅማን ከተማ አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ በቡና አይሳበብም። እርሱን የሚያቆሽሸው የገበያ ጥራጊ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የመኪና እጣቢና ዘይት ነው፤ ይኸውም በበጋ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ነው። አዌቱ ከከተማው ወጥቶ ጉማሬ ወደሚኖርበት ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ። ግልገል ጊቤም በ1996 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረውና 184 ሜጋ ዋት ኃይል ወደሚሰጠው ግድብ ይወርዳል፤ ከግድቡ አልፎ በኦሞ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ረግረግ ቦታ የጐሽ ጥራጊ ማጥሊያ ነው፤ ሣሩና ጭቃው ብዙ ቆሻሻ ይይዛሉ። ብዙዎች ግን ረግረግን እንደ ባዶ መሬት እየቆጠሩ ያጠነፍፉታል፤ ጥራጊም ይደፉበታል።

በዚህ ነገር የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የለንደን ከተማ የቴምዝ ወንዝ በመጸዳጃ ፍሳሽ ከመክፋቱ የተነሣ የፓርላማው ቤት መጋረጃዎች ሽታውን እንዲገቱ በኖራ ክሎራይድ ተነክረው ነበር። ሽታው ለሕግ አውጪዎቹ አፍንጫ በደረሰ ጊዜ ለፍሳሽ ቦይ የሚሆን ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ተፈቀደ፤ ድኻው ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ኮሌራ ሲገድለው ኖሯል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የቡና አገር የሆነችው ኮሎምቢያ ናት። በዚያ አገር በአሮጌው አሠራር ለአንድ ኪሎ ደረቅ ቡና 40 ሊትር ያህል ውኃ ይፈስስ ነበር። የአገሪቱ የቡና ምርምር ተቋም ሴኒካፌ በሠራው አዲስ መኪና ይህ ከአንድ ሊትር በታች ወረደ። መኪናው እሸቱን ያለ ውኃ ይፈለፍላል፤ የሚያዳልጠውንም ነገር በገንዳ ሳያሳድር በፍትጊያ ያነሣዋል። የዚህ ዐይነት ውኃ ቆጣቢ መኪና ወደ እኛም አገር ገብቷል። በጎማ ወረዳ በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ማኅበር እንዲህ ባለው መኪና የሚሠራ ሲሆን፣ ቡናው በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ተብሎ ተሸልሟል። ውኃ ከተቈጠበ ጥራት ይጐድላል ለሚሉ ባለ ጣቢያዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

መኪናውን ለመግዛት አቅም የሌለው ጣቢያም ቢሆን ማድረግ የሚችለው አለ። ልጣጩን ከውኃው ለይቶ በጉድጓድ ቢከምረው በጥቂት ወራት ብስባሽ ይሆናል፤ ለቡናው ዛፍ መልካም ማዳበሪያ ነው። የታጠበበትን ውኃ ደግሞ በተከታታይ ጉድጓዶች አሳርፎ ቬቲቨር በሚባለው ሣር መካከል ቢለቀው፣ ረጅሙ ሥር ብዙውን ይይዘዋል። ይህ ሣር ለጅማ እንግዳ አይደለም፤ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከታንዛኒያ መጥቶ የተተከለው በዚያው በጅማ የምርምር ጣቢያ ነው። የሚተከለውም በሰኔ ዝናብ ስለሆነ በጥቅምት ቢያስቡት አይደርስም።

በየቤቱ ያላችሁ እናቶችም አንድ ነገር ልታውቁ ይገባል። ውኃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ከመጸዳጃ የሚመጣውን ተቅማጥም ይከላከላል፤ የቡናውን አሲድና ሽታ ግን አያስወግድም። ክሎሪንም ቢሆን ቆሻሻ በበዛበት ውኃ ውስጥ ኃይሉ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በቡና ወራት ከጣቢያ በታች የተቀዳ ውኃ ለሕፃናት ከመስጠት ከምንጭ የተቀዳውን፣ ያውም አፍልቶ መስጠት ይመረጣል።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ፣ ማንም ሰው የግል ጉዳት እንደ ደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚበክል ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት እንደሚችል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ነገር ግን ለቀማው አልፎ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ወንዙ እንደገና ይጠራል፤ በሚያዝያ የሚመጣ መርማሪ ከጠጠር በቀር የሚያየው አያገኝም። ስለዚህ አቤቱታው ገና በኅዳር፣ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ ውኃው በጠርሙስ ተቀድቶ በምስክር ፊት ቢታሸግ ይጠቅማል።