ዩኒቨርሲቲው በደጃፍ፣ መግቢያው በሩቅ፦ በቡናው ምድር ለከፍተኛ ትምህርት የሚበቃው ማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን የአገሪቱ መነጋገሪያ አንድ ቁጥር ነው፤ “ስንት በመቶ አለፈ?” የሚለው። ቁጥሩ የሚናገረው ፈተናው ላይ ከተቀመጡት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ስንት እንደሆኑ ብቻ ነው። ያለፈው ተማሪ ከየትኛው ቀበሌና ከምን ዓይነት ቤተሰብ እንደተነሣ፣ ያላለፈው ምን እንዳጣ፣ ፈተናው ዘንድ ሳይደርስ የቀረውም የት እንደቀረ አይገልጽም። በሚዛን አማን፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ ቡና አብቃይ ወረዳዎች ይህ ያልተነገረው ክፍል ከተነገረው ይሰፋል።

ቁጥሮቹ ምን ያሳያሉ?

ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ተማሪዎች ነው። በዚያ ዙር ከ896 ሺህ 520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909፣ ማለትም 3 ነጥብ 3 በመቶ ነበሩ። 1 ሺህ 161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት ምንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ወደ 1 ሺህ 328 ከፍ አለ። ሁሉንም ተማሪዎቻቸውን ያሳለፉት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ይታያሉ።

በ2017 ዓ.ም ከ585 ሺህ 882 ተፈታኞች 48 ሺህ 929 በማለፋቸው ምጣኔው 8 ነጥብ 4 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በመቶኛው ሁለት ዕጥፍ ተኩል ሲያድግ፣ ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ያደገው በአንድ ነጥብ ስድስት ዕጥፍ ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው የተፈታኙ ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ያህል በመቀነሱ ነው። ለመቀነሱ በአንዳንድ አካባቢዎች ያለው ግጭት ጭምር ድርሻ አለው። ለአንባቢ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ማለፊያው በመቶኛ የሚሰላው ለፈተና ከበቁት ላይ እንጂ 1ኛ ክፍል ከገቡት ሕፃናት ላይ አይደለም። ከመንገድ የቀረ ልጅ በየትኛውም ዓመት ስሌት ውስጥ “ወደቀ” ተብሎ አይቆጠርም።

የትምህርት መስክም የራሱን ልዩነት ይፈጥራል። በ2014ቱ ውጤት ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6 ነጥብ 8 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት 1 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤተ ሙከራ በሌለበትና የሂሳብና የፊዚክስ መምህር ለማግኘት በሚያስቸግርበት የገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ማዘንበሉ አይቀርም። ስለዚህ አንዳንዱ ተማሪ ዕድሉ የሚጠበው ፈተናው ከመድረሱ በፊት፣ ገና መስክ በሚመርጥበት ጊዜ ነው።

ዩኒቨርሲቲ መኖሩና ዩኒቨርሲቲ መግባት

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ከተቋቋሙት የሁለተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከግቢዎቹ አንዱ በሚዛን፣ ሌላው በቴፒ ይገኛል። ከካፋ ዞን ዋና ከተማ የተነሣው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአራተኛው ትውልድ ነው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በጣት በሚቆጠሩ ተቋማት ብቻ ይሰጥ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ደርሷል። ለደቡብ ምዕራብ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆስፒታል፣ የሥራ ዕድል፣ የምርምር ማዕከልና የተማረ ሰው መኖሪያ ፈጥሯል።

የመግቢያው ዕድል ግን አብሮ አልቀረበም። ምክንያቱ የምደባው ሥርዓት ነው። የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ምርጫውን ሞልቶ ያቀርባል፤ ትምህርት ሚኒስቴርም በአገር አቀፍ ደረጃ ይመድባል። ከአማን ወጣ ብሎ የሚኖር ልጅ ጎንደር ወይም ጅግጅጋ ሊመደብ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ደግሞ ሚዛን ሊመጣ ይችላል። ሥርዓቱ የተለያየ አካባቢ ወጣቶችን በማገናኘት የሚያስመሰግን ጎን አለው። የአካባቢው ልጅ ግን ከግቢው አጥር አጠገብ መኖሩ አንድም ነጥብ አይጨምርለትም። ግቢው ውስጥ የሚገባው ከሐዋሳም ከአዲስ አበባም ከሚመጡት ጋር በአንድ ሚዛን ተመዝኖ ነው።

የለቀማው ወቅትና የትምህርት ዘመኑ

ሚዛኑ አንድ ቢሆንም ዝግጅቱ አንድ አይደለም። በቡናው ምድር ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው የቀን መቁጠሪያው ነው። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው። ቡና ደግሞ ዝቅ ባሉት የቴፒና የበበቃ አካባቢዎች ቀደም ብሎ፣ ከፍ ባሉት ቀበሌዎች ዘግየት ብሎ መቅላት ይጀምራል፤ ለቀማውም የመኸሩን ወራት ይዞ ይዘልቃል። የቀላ ቡና ቀን አይሰጥም፤ ካልተለቀመ ይረግፋል፣ ወይም በዝንጀሮና በሌባ ያልቃል። በአነስተኛ ማሳ ወይም በጫካ ቡና ለሚተዳደር ቤተሰብ የዓመቱ ገቢ በእነዚህ ሳምንታት ስለሚወሰን የልጆች እጅ ተፈላጊ ነው።

የተማሪው ችግር ከክፍል በመቅረቱ አያበቃም። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የቤት ኪራይና የመመዝገቢያ ወጪ የሚጠየቁት በመስከረም ነው፤ የቡና ገንዘብ ደግሞ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ክፍተቱን የሚሞላው ቡናው ሳይደርስ ከነጋዴ በመበደር፣ ወይም ልጁን “ቡናው እስኪሸጥ ቆይ” በማለት ነው። የመጀመሪያውን ወር ተኩል ያጣ ተማሪ የሂሳብንና የእንግሊዝኛን መሠረት አጥቶ ይቀጥላል። ወላጁ ደመወዝተኛ የሆነ የከተማ ልጅ ይህ ችግር አይነካውም፤ ደመወዝ በየወሩ ይገባልና።

ርቀትና የኪራይ ቤት

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ቀበሌ አለ። ሁለተኛ ደረጃ፣ በተለይም 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ የሚገኘው ግን በብዛት በወረዳና በዞን ከተሞች ነው። በቤንች ሸኮ፣ በሸካ፣ በካፋና በምዕራብ ኦሞ ዞኖች ገደላገደሉ፣ ደኑና ዓመቱን ለረጅም ጊዜ የሚዘልቀው ዝናብ የእግር መንገዱን አክብደውታል። ስለዚህ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ልጅ ከተማ ውስጥ ክፍል ይከራያል፤ ብዙ ጊዜም ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተዳብሎ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቱ እየተመላለሰ ቆጮ፣ ጎደሬ ወይም የበቆሎ ዱቄት ለሳምንት ስንቅ ይዞ ይመለሳል። ምግቡን የሚያበስለው፣ ልብሱን የሚያጥበውና ውኃ የሚቀዳው ራሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ጥናቱም ይጠፋል።

ለሴት ተማሪዎች ሸክሙ ይከብዳል። ብዙ ወላጆች ገና ያልበሰለች ልጅን ብቻዋን በኪራይ ቤት ማኖርን ይፈራሉ፤ ስጋቱም መሠረት አለው። በዚህም የተነሣ የሴት ልጅ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቀበሌዋ በራቀበት ቦታ ላይ ነው።

የቋንቋው ደረጃ

ልጁ በቤቱ የሚናገረው ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፍኛ፣ ሸኮኛ፣ ሜኢኒትኛ ወይም ዲዚኛ ሊሆን ይችላል። በገበያና በመሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው አማርኛ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለረጅም ጊዜ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በ1999 ዓ.ም ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ አገር አቀፍ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። የከተማው ልጅ ቢያንስ አማርኛውን ከመንደሩ ይዞ ይመጣል፤ ቤተሰቡ አቅም ካለው በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን ከመዋዕለ ሕፃናት ይጀምራል። የገጠሩ ልጅ ሁለቱንም በክፍል ውስጥ ብቻ ይማራል።

በአንድ ከተማ ሁለት ዕድል

ልዩነቱ በገጠርና በከተማ መካከል ብቻ አይደለም። በሚዛን አማንና በቴፒ የመምህር፣ የነጋዴ፣ የጤና ባለሙያና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልጆች አሉ፤ በዚያው አካባቢ በሰፋፊ የቡና እርሻዎች በቀን ክፍያ የሚሠሩ ወላጆች ልጆችም አሉ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሠፈራ ፕሮግራም ወደ ደቡብ ምዕራብ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆችም በዚሁ ምድር ያድጋሉ። በምዕራብ ኦሞ ደግሞ ከብቶቻቸውን ተከትለው የሚንቀሳቀሱ የሱሪ አርብቶ አደሮች ይኖራሉ። ሁሉም “የደቡብ ምዕራብ ተማሪ” ተብለው በአንድ አማካይ ሲጠቃለሉ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይሰወራል።

አዳዲስ አሠራሮችም ልዩነቱን ሊያሰፉ ይችላሉ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ ፈተናውን በበይነ መረብ ይወስዳል፤ ኮምፒውተር በቤቱ ያለውና በፈተናው ዋዜማ መዳፊት የጨበጠው ተማሪ እኩል አይደሉም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ከብሔራዊ ፈተናው በተጨማሪ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ይህም የዝግጅትና የጉዞ አቅም ላለው ተማሪ ይበልጥ የተመቸ ነው።

የተከፈቱ በሮች

መንገዱን ለማቅናት የተወሰዱ እርምጃዎች አሉ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጡ፣ ነገር ግን የተቀመጠውን ዝቅተኛ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ገብተው እየተማሩ እንደገና ይመዘናሉ። በመጀመሪያው ዙር ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተጠቃሚ ሆነዋል። የመቁረጫ ነጥቡ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች ዝቅ ተደርጓል። ለገጠሩ ልጅ የፕሮግራሙ ትልቁ ጥቅም የነጥቡ መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መኝታ፣ ምግብ፣ መብራትና ቤተ መጻሕፍት በአንድ ቦታ ማግኘቱ ነው።

የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ውጤትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ውጤታቸው በከፊል ጎበዝ ተማሪ ስለሚመርጡ ነው፤ በከፊል ግን ልጁ ለስንቅ የማይመላለስበትና ለለቀማ የማይጠራበት በመሆኑ ነው። ሁሉንም ወረዳ አዳሪ ትምህርት ቤት ማድረግ አይቻልም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጠገብ አነስተኛ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ መሥራት፣ ለቀማው በሚበረታበት ሳምንት የጠፋውን ትምህርት በማካካሻ ክፍለ ጊዜ መመለስ፣ የመስከረምን ወጪ ቡና እስኪሸጥ በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ማሸጋገር ግን በወረዳ አቅም የሚታሰቡ ናቸው።

በወረዳ መቁጠር

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ማወቅ ነው። በእንግሊዝ አገር አካባቢዎች ወጣቶቻቸው ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት መጠን በአምስት ደረጃ ይመደባሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ዝቅተኛ ከሆኑት አካባቢዎች ስንት ተማሪ እንደሚቀበሉ ይጠየቃሉ። ምደባው ጉድለት አያጣውም፤ በሀብታም ሰፈር የሚኖር ድኻ ልጅ ሊሰወር ይችላል። ሆኖም ጥያቄው “ስንት አለፈ?” ከሚለው ተሻግሮ “ከየት የመጣው አለፈ?” ወደሚለው እንዲደርስ አድርጓል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም በይፋ የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ይህን ለመጀመር ውስብስብ ሥርዓት አያሻውም። እያንዳንዱ ወረዳ 1ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ልጆች 8ኛ ክፍል የደረሱትን፣ 9ኛ ክፍል የገቡትን፣ 12ኛ ክፍል የተፈተኑትንና ዩኒቨርሲቲ የገቡትን በጾታና በቀበሌ ለይቶ በአንድ ሰንጠረዥ ቢያስቀምጥ፣ ልጆች የሚቀሩበት ቦታ ይታያል። ቦታው በአንዱ ወረዳ የወንዝ ድልድይ የሌለበት መንገድ፣ በሌላው የጥቅምት ወር፣ በሦስተኛው የሴት ልጅ ማደሪያ እጦት ሊሆን ይችላል። እስከዚያው ድረስ የፈተናው ውጤት በየዓመቱ ይነገራል፤ ሳይፈተኑ የቀሩት ልጆች ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይገኙም።