የዱር ሩዝ ውለታ

ጋይንት፣ እስቴና ፋርጣ የሚጋሩት የጉና ተራራ የርብና የጉማራ መነሻ ነው። ክረምት ሲበረታ ሁለቱ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ደጋው ለሩዝ ይቀዘቅዛል፤ ቁልቁል የሚልከው ውኃና ደለል ግን ፎገራን የታወቀ የሩዝ አገር አድርጎታል። በዚያው በጣና ዙሪያ ረግረግ ማንም ያልዘራው የዱር ሩዝ ይበቅላል። ፍሬው ሳይሰበሰብ ስለሚረግፍ ከአረም ይቆጠራል። የሳይንስ ስሙ ኦሪዛ ሎንጊስታሚናታ የሆነው ይህ አፍሪካዊ ተክል ግን የዓለምን ሩዝ ከብርቱ ጠላት ለመታደግ ረድቷል።

ጠላቱ ዛንቶሞናስ ኦራይዜ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በቅጠሉ ጠርዝ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በቁስል በኩል ገብቶ ውኃ በሚያመላልሱት ቱቦዎች ውስጥ ይራባል። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ዳርና ዳሩን ቢጫ እየሆነ ይደርቃል። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብና ጎርፍ በሽታውን ከማሳ ማሳ ያዛምቱታል፤ ዩሪያ ሲበዛም ይብሳል። አስተማማኝ መድኃኒት ስለሌለው ዋናው መከላከያ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ነው።

በፊሊፒንስ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ጉርዴቭ ኩሽና ባልደረቦቹ ከማሊ የተገኘ የዱር ሩዝን ከለማ ዝርያ ጋር አዳቀሉ። ዲቃላው የዱሩን መጥፎ ጠባይም ስለሚወርስ ከለማው ጋር ደጋግሞ ማዳቀል ግድ ነው። ለመፈተን በባክቴሪያ በተነከረ መቀስ የቅጠሉ ጫፍ ይቆረጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረቀው ርዝመት ይለካል፤ ብዙ ያልደረቀበት ተክል ለዘር ይቀራል። ከዱር ሩዙ የተገኘውን ኤክስኤ21 የተባለ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1995 የፓሜላ ሮናልድ ቡድን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ለይቶ አወጣው። ዘረመሉ በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚቆም ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑ ባክቴሪያውን ሲለይ የተክሉ መከላከያ ይነሳል። ባክቴሪያውም ስለሚለዋወጥ አንድ ዘረመል ብቻውን ዘላቂ ዋስትና አይሆንም። ሕንዶች ሳምባ ማህሱሪ በተባለው ዝርያቸው ሦስት ዘረመሎችን አንድ ላይ ያስገቡት ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ለፎገራም ይሠራል። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት የገባው ኤክስ-ጅግና የተባለ የሩዝ ዝርያ ብርዱን ችሎ ለረጅም ዘመን ሜዳውን ሸፍኗል። አንድ ዝርያ ሰፊ መሬት ሲይዝ ግን በሽታ ከገባ የሚገታው የለም። ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አማራጭ ዝርያዎችን ለገበሬው ለማድረስ መድከሙ ተገቢ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥሬ ሀብት፣ የዱር ሩዙ፣ ከደጃፉ አለ። ረግረጉ እየታረሰ ሲሄድ አብሮ የሚጠፋው አረም ብቻ አይደለም፤ ነገ የምንፈልገው የመቋቋም ኃይልም ነው። ስለዚህ የዱር ሩዙ ዘር በዘር ባንክ ይቀመጥ፤ ከረግረጉም ከፊሉ ሳይታረስ ይጠበቅ።