ሮዙ ቀለም የሚደብቀው

ዘጌ በኩል ባለች አንዲት የጣና ዳር መንደር ነው። ወጣቱ የጤና ባለሙያ ክሎሪን ከገባበት ጀሪካን በብልቃጥ ቀድቶ የመመርመሪያዋን ኪኒን ጨመረ፤ ነቀነቀው፤ ውሃው ሮዝ ሆነ። «0.5 ሞልቷል ጋሼ፤ ይጠጣል» አለ። የራሴን መለኪያ ጀሪካኑ ውስጥ ነከርኩ፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) 8.4። ነገሩን ላስረዳው ስጀምር ጀልባው ጠራን።

በጀልባው ምክንያት ያልጨረስኩት ነገር ይኸው ነው። «ደካማ አሲድ» የሚለው ስም ስንቱን አሳሳተ! የኬሚስትሪ ዲግሪ የያዘው ሳይቀር ደካማ ሲሉት አቅመ ቢስ ይመስለዋል። ደካማነቱ ግን ፕሮቶኑን በሙሉ ለውሃ ባለመልቀቁ ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያለውን ሁሉ ይለቃል። ክሎሪን ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሃይፖክሎረስ አሲድ ግን ስስታም ነው፤ ጀርም የሚገድለውም በዚሁ ስስቱ ነው። ፕሮቶኑን እንደያዘ ቻርጅ ስለሌለው በጀርሙ ሽፋን ሾልኮ ይገባል። ከለቀቀው ኔጋቲቭ ሃይፖክሎራይት ይሆናል፤ የጀርሙም ገጽ ኔጋቲቭ ነውና ደጅ ላይ ይገፋፋሉ።

ስንቱ እንደሚለቅ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ6.5 ከአሥሩ ዘጠኙ ሳይለቅ ይቆያል፤ 7.5 ላይ ግማሽ በግማሽ፤ 8.5 ላይ ከአሥሩ አንዱ ብቻ ይቀራል። ኪኒኗ ይህን አትለይም፤ ሠራተኛውንም ሥራ ፈቱንም አንድ ላይ ቆጥራ ትቀላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን የሚለው ፒኤቹ ከ8 በታች ሆኖ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። ቁጥሩን ሁሉም ሸምድዶታል፤ ጭራውን ግን ቆርጦ። በክረምት ደግሞ ግልገል ዓባይና ጉማራ ደለል ሲያወርዱ ክሎሪኑ ጀርም ጋ ሳይደርስ ጭቃው ይበላዋል። መጀመሪያ ማጥለል እንዳለ እኮ እናቶቻችን ያለ ፒኤች ያውቁት ነበር።

ባለፈው ይህንኑ ስናገር የሰማ አንዱ «እንግዲያውስ በረኪናው ላይ ሎሚ እንጭመቅበት» አለኝ። በፍጹም! በረኪና ላይ አሲድ ከተጨመረ የሚወጣው ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ነው። ፒኤቹ ከፍ ያለ ውሃ የሚፈልገው ሎሚ ሳይሆን ረዘም ያለ ጊዜ ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት አስቀምጡት እላለሁ።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ የውሃ ምርመራ ቅጹ ላይ ከቀሪ ክሎሪን አጠገብ ያለችውን የፒኤች ሳጥን ባዶዋን አትላኩልኝ።