ስንዴና ገብስ የማይስማማው ሕፃን በቤተ ሰብ ገበታ

የሕፃናት ተቅማጥ በተነሣ ቁጥር ውኃን አፍልቶ ስለ ማጠጣት፣ እጅን በሳሙና ስለ መታጠብና ዝንብን ስለ መከላከል መምከር የዘወትር ሥራችን ነው። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ የሚመጣው ከጀርምና ከጥገኛ ትላትል ስለ ሆነ ይህ ምክር ዛሬም አይለወጥም። ነገር ግን ውኃው የፈላ፣ ዕቃው የታጠበ፣ ዳቦውም በሚገባ የበሰለ ሆኖ ሳለ ሆዱ የማይጠናለት ሕፃን አለ። ይህን ልጅ የሚጎዳው ራሱ ዳቦው ነው። ሕመሙ ሴሊያክ ይባላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ምግቡንና የዕለት ሥራውን እንዴት እንደሚያስተካክል ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

በሽታው ምንድን ነው?

በስንዴና በገብስ፣ እንዲሁም በውጭ አገር ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ሙጫ የሚለጠጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን በበላ ጊዜ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። በጤነኛ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ምንጣፍ ጠጉር የቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ የምግቡ ጥቅም ወደ ደም የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው። በዚህ በሽታ ጊዜ እነዚህ ያልቁና አንጀቱ ልሙጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢበላም የበላው አይገነባውም።

በትንንሽ ልጆች ላይ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እህል መቅመስ ከጀመሩ በኋላ፣ እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ተቅማጡ ለሳምንታት ይመላለሳል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ክንዱና ታፋው ይከሳል፤ ክብደቱ አይጨምርም፤ ደሙ ያንሳል፤ ጠባዩም ይለወጥና ነጭናጫ ይሆናል። በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ተቅማጥ ሳይኖር የሆድ ድርቀት ወይም የቁመት ማጠር ብቻ ይታያል። ሰዎች ይህን አይተው «የሰው ዓይን በልቶት ነው» ወይም «እናቱ አላበላችው» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል አይደለም። ሕመሙ በዘር ከሚወረስ ዝንባሌ የሚመጣ ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ የታማሚው ወንድሞች፣ እኅቶችና ወላጆችም ቢመረመሩ መልካም ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። ሳሙኤል ጂ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ምልክቱን ዘርዝሮ ገልጾ፣ ፈውስ ቢገኝ በምግብ በኩል እንደሚሆን አመልክቶ ነበር። የሚጎዳው እህል የትኛው እንደ ሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር። የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲከ ታማሚ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ጽሑፍ ጉዳቱ ከስንዴና ከመሰሎቹ እንደሚመጣ አስረዳ። እስከ ዛሬም ዋናው መድኃኒት ግሉተንን ፈጽሞ መተው ነው፤ ይኸውም ለዕድሜ ልክ ነው።

ሳይመረመሩ እህል አትከልክሉ

ምልክቱን ያየ ወላጅ ቸኩሎ ስንዴ መከልከል የለበትም። ጃርዲያን የመሳሰለ ጥገኛ ተሕዋስም ይህንኑ የሚመስል ተቅማጥ ያመጣል፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ከዚህም በላይ የሴሊያክ ምርመራ የሚሠራው ልጁ እንደ ወትሮው ስንዴና ገብስ እየበላ ሳለ ነው። አስቀድሞ ከተወ ደሙ ሕመሙን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ልጁን በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አስፈላጊ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በዚያም ደሙ ይመረመራል፤ ሐኪሙ ካዘዘም ከአንጀቱ ቅንጣት ተወስዶ ይታያል። ለጤነኛ ልጆች ግን ስንዴና ገብስ መልካም ምግብ መሆናቸውን ማንም እንዳይዘነጋ።

የሚበላውና የማይበላው

ወላጆች ምርመራው ሲነገራቸው «እንግዲህ ልጄ ምን ሊበላ ነው?» ብለው ይጨነቃሉ። በዚህ ነገር የአገራችን ቤት ዕድለኛ ነው። ጤፍ ሴሊያክን የሚያስነሣው ግሉተን የለበትም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆጮና ቡላም እንዲሁ ናቸው። ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ፣ ወተትና እንቁላል፣ ሥጋ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ሁሉ ለልጁ ይሆናሉ። ሕክምናው እንደ ተጀመረ ወተት ለጥቂት ጊዜ የማይስማማው ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ሐኪሙ ይነግራችኋል።

የሚከለከሉት ዳቦ፣ አምባሻ፣ ድፎ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ገንፎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ ኬክ፣ ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ ናቸው። ጠላና ቅራሪም የገብስ ብቅል ስላለባቸው ለልጁ እንዳይቀመሱለት። በአጃ ነገር ስሙ እንዳያሳስታችሁ። በአንዳንድ አገር አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ነው፤ ሌላውም አጃ ቢሆን ከስንዴና ከገብስ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚሸጥ ሐኪም ካልፈቀደ መተው ይሻላል።

እህሉ ተቀላቅሎ ከተፈጨ ማን ያውቀዋል? ስለዚህ የተገዛ አጥሚት፣ በካርቶን የታሸገ የሕፃናት ዱቄት፣ የተፈጨ ሽሮና በርበሬ ምን እንዳለባቸው ሳይጠየቅ ለልጁ አይሰጡም። ሽሮውን በቤት አዘጋጅቶ ማስፈጨት ከሁሉ ይመረጣል። ከገበያ የሚገዛ እንጀራም ጤፍ ብቻ መሆኑ ካልታወቀ ይቅር።

በገንፎ ፈንታ የቡላ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ በቅንጬ ፈንታ የበቆሎ ቅንጬ፣ በዳቦ ፈንታ የተቀቀለ ድንች ወይም የጤፍ ቂጣ ማቅረብ ይቻላል። የሽምብራ ቆሎና ፈንድሻ ግሉተን የለባቸውም፤ ነገር ግን ትንሽ ልጅን ሊያንቁት ስለሚችሉ ሽምብራውን ቀቅሎና አድቅቆ መስጠት ያስፈልጋል።

ከወፍጮ እስከ ምጣድ

እስከ ዛሬ ጀርም በእሳት እንደሚሞት አስተምረናል። ግሉተን ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ ውኃ ቢፈላበት፣ ምጣድ ቢግልበት፣ ሊጡ ቢቦካም አይጠፋም። እጅ ማጽጃ አልኮልም አያነሣውም። የሚወገደው በውኃና በሳሙና ታጥቦ ሲሄድ፣ ይልቁንም ከመጀመሪያው ሳይነካካ ሲቀር ነው። «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይለዋል?» የሚለው ንግግር ብዙ ልጆችን ጎድቷል። በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ብቻ ወደ ሆዱ ቢገባ አንጀቱን ሊጎዳው ይችላል፤ ይህም ከትንሽ የዳቦ ፍርፋሪ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንድትጠብቁ እናሳስባለን።

1. ጤፉን በወንፊት ንፉ። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለ ሆነ ሲያልፍ፣ የተቀላቀለው ስንዴና ገብስ ከላይ ይቀራል።

2. ወፍጮ ቤቱ ስንዴም የሚፈጭ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው የጤፍ ዱቄት የቀድሞውን እህል ይዞ ይመጣል። እርሱን ለብቻው ተቀበሉና ለአዋቂዎች አድርጉት። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ወፍጮ ከተገኘ ግን ከሁሉ የተሻለ ነው።

3. እርሾን አትርሱ። እርሾው ገብስ ወይም ስንዴ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተረፈ ከሆነ ንጹሑን ጤፍ ያበላሸዋል። ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት ቀን ብታቆዩት ራሱ ይቦካል፤ ከዚያ ወዲያ እርሾውን ከዚሁ ብቻ እያስቀራችሁ ተጠቀሙ። ከጎረቤት እርሾ አትበደሩ።

4. ምጣድ፣ ማሰሻ፣ ቡሃቃ፣ ወንፊት፣ የእንጨት ማማሰያና መሶብ ለልጁ ምግብ የተለዩ ይሁኑ። ስንዴ የተበጠረበት ሰፌድ የልጁ እንጀራ እንዳይወጣበት። ሸክላ፣ እንጨትና ስፌት ፍርፋሪውን በውስጣቸው ስለሚይዙ በማጠብ ብቻ አይታመኑም። ብረትና ብርጭቆ ግን በሳሙና በሚገባ ከታጠቡ ይበቃል።

5. በቤቱ ስንዴ የሚነፋ ከሆነ ዱቄቱ ስለሚቦን ከማድ ቤት ውጭ ይነፋ። የልጁ ምግብ አስቀድሞ ይሠራ፤ ከዚያም ተከድኖ ከላይ ይቀመጥ።

ስለ ገበታና ስለ ጉርሻ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በአገራችን ቤተ ሰብ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ፍቅርም የሚገለጸው በጉርሻ ነው። አንዳንድ ቤት ልጁን ለመጠበቅ ብለው በሳሕን ለብቻው ጥግ ያስቀምጡታል። ሆዱ ይድን ይሆናል፤ ልቡ ግን ያዝናል። ሌሎች እያዩት ሲጎራረሱ እርሱ ዕዳ እንደ ሆነ ይሰማዋል። ኋላም ተደብቆ የተከለከለውን ይበላል።

ስለዚህ ልጁን ከገበታው ከማራቅ ስንዴውንና ገብሱን ከገበታው ማራቅ ይሻላል እንላለን። ቤተ ሰቡ በአንድነት የሚበላበት መሶብ ልጁ የሚበላው ብቻ የሚቀርብበት ይሁን። ዳቦ የሚያስፈልገው አዋቂ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ስፍራ ይብላና እጁን በሳሙና ታጥቦ ይምጣ። እንዲህ ከሆነ አያት ሳትሰጋ ታጎርሰዋለች፤ ታላቅ ወንድሙም «ይሄ ያንተ አይደለም» አይለውም።

የጤፍ ዋጋ ውድ መሆኑን እናውቃለን። ለሁሉ ጤፍ ማዳረስ ያልተቻለበት ቤት ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ወይም ዳጉሳ ቀላቅሎ ሊጋግር ይችላል፤ እነዚህን ልጁም ይበላቸዋልና አንዱ እንጀራ ለሁሉ ይበቃል። ለየብቻ ሁለት ዓይነት እንጀራ ከመጋገር ድካሙም ያንሳል፤ ስሕተቱም ይቀንሳል።

ከቤት ውጭ

ለበዓልና ለግብዣ ስትሄዱ የልጁን ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለባለቤቲቱም ቀደም ብላችሁ ንገሯት። «ንቀሽኝ ነው ወይ?» እንዳትል «ሐኪም አዞበት ነው፣ እህሉ አንጀቱን ያቆስለዋል» ብትሏት ይገባታል። ለቤት ሠራተኛ፣ ለሞግዚትና ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ደግሞ የሚበላውንና የማይበላውን አስረዷቸው፤ ልጆች ምሳ መለዋወጥ ስለሚወዱ መምህርቷ ትከታተል። የቁርባን ኅብስት ከስንዴ ስለሚዘጋጅ የሚቆርቡ ወላጆች ልጁን ከማስቆረባቸው በፊት ነገሩን ለንስሓ አባታቸው ገልጸው ይመካከሩ። ልጁም አፉን ሲፈታ «ስንዴ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ይህን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ከቤቱ ይማር።

ምን ተስፋ አለ?

ጥንቃቄው በሚገባ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቅማጡ ይቀንሳል፤ ልጁም ምግብ ይወዳል፤ ይጫወታል። የአንጀቱ ቁስል ፈጽሞ እስኪሽር ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ወፈረ፣ ዳነ ብላችሁ ዳቦ እንዳትመልሱለት። ሕመሙ ፀጥ ይላል እንጂ አይለቅም። በቀጠሮው ቀን እየወሰዳችሁ ክብደቱን፣ ቁመቱንና ደሙን አስመርምሩ።

ምግቡን የምታበስለው እናት ብቻ ተጠንቅቃ ልጁ አይድንም፤ የሚያጎርሰው ሁሉ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ለአያት፣ ለአክስትና ለጎረቤት አንብቡላቸው።