ቀይ ሽፍታ በማን ገላ ላይ?

የሕክምና ሥዕል ዋጋው ያልታወቀለት ሙያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብዙውን በሽታ በታማሚ ላይ ሳታየው በፊት የምትተዋወቀው በሥዕል ነው። አሁን አሁን ሥዕሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራት ጀምሯል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ፎቶ ከነመግለጫው ያያል፣ ያየውን የሚመስል ይሠራል።

ያላየውን ግን ከየት ያምጣው? ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ወጣት የጤና መምህር ለማስተማሪያ ፈልጎ «የሥጋ ደዌ ምልክት የወጣበት የገበሬ ክንድ» ብሎ ሲያዝዘው አጠገቡ ነበርኩ። ነጭ ክንድ ላይ ቀይ ክብ መጣ። «ቆዳውን ጥቁር አድርገው» አለው። ክንዱ ጠቆረ፤ ክቡ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ቀረ። መምህሩ ደስ አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገላው ከጠቆረ በሽታውም የእኛ የሆነ ይመስለዋል።

ቆዳ ሲቆጣ የሚያቀላው ደም ነው፤ ደሙ ደግሞ ከሜላኒኑ ሥር ነው ያለው። ሜላኒን በበዛበት ገላ ቅላቱ ይሸፈንና ጠቆር ያለ፣ ወይም ወደ ወይን ጠጅ፣ አንዳንዴም ወደ አመድማነት ያደላ ሆኖ ይታያል። የሥጋ ደዌ ምልክትማ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከዙሪያው ፈዘዝ ያለ ነው። «ቀይ ፈልግ» ተብሎ የተማረ ልጅ ፈዛዛውን ቢያይ «ቋቁቻ ነው» ብሎ ቅባት ሰጥቶ ይሸኛል። የጥጥ ጫፍ ቢይዝ ምን ነበረበት! ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ በተነካ ቁጥር ቦታውን በጣቱ ያሳያል። ጤነኛው ቆዳ ሲነካ ወዲያው አሳይቶ ፈዛዛው ሲነካ ዝም ካለ፣ ነገሩ ቋቁቻ አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን የተጎዳ ነርቭ በቀላሉ አይመለስም።

የቆዳ ቀለም መለኪያውም ለነጭ ቆዳ ከማድላት የራቀ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው መለኪያ መነሻው ነጭ ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚቃጠል ነበር፤ አራቱ ደረጃዎች ለነጮች ናቸው። አምስተኛውና ስድስተኛው ለቀረው ዓለም በኋላ ተጨመሩ። የደብረ ማርቆስ ገበያተኛ፣ ቀይ ዳማው፣ ጠይሙ፣ ጥቁሩ፣ አብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ተጨናንቆ ይገባል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ መለኪያው ጠቅሟል፦ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞችን የፈተሹት በእሱ ነው። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም፤ ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ።

ለጤና ጣቢያ ግድግዳ ፖስተር የምታዘጋጁ፣ እባካችሁ «ቀይ ሽፍታ» እያላችሁ አትዘዙ። ምልክቱ በምታሠሩት ገላ ላይ ምን እንደሚመስል ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በቃላት ንገሩት፤ የሠራውንም ከማተማችሁ በፊት ለቆዳ ሐኪም አሳዩ። አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሥጋ ደዌን እያከመ ሲያስተምር ኖሯል፤ በሽታውን በዓይኑ ያየ ባለሙያ አይጠፋም።